የጡሩምባ ነፊው አሥራ አራት ቀን

ኃይለመስቀል ጡሩምባውን አንዴ ከነፋ፣ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም እስከ ጦር ኃይሎች ያለ ውሻ ሁሉ ጅራቱን ቆልፎ ይቀመጥ ነበር። የዘነበወርቅ ዶሮዎች መንጋቱን የሚያምኑት በራሳቸው ጩኸት ሳይሆን በእሱ ነው። በሃምሳ ስምንቱ ክረምት ድምፁ ወጨጫ ተራራ ድረስ ሄዶ፣ ተራራውን ተሻግሮ፣ የሆለታ ሰዎች የማያውቁትን ሬሳ ሊቀብሩ በቅሎ ጭነው መጥተዋል። ይህን ያየ ሰው ባይገኝም የካደ ሰውም አልተገኘም።

ቀን ቀን እህል በረንዳ ጆንያ ይሰፋል። ጆንያ ሰፊ ሲያልፍ ቀና ብሎ የሚያየው የለም። ያው ሰው ሞት ሊለፍፍ ጎህ ሲቀድ የእድሩን ጡሩምባ ይዞ ሲያልፍ ግን፣ የሚንቀው ሁሉ ሳይቀር ከአልጋው ዘሎ «ማንን ነው? ማንን ነው?» ይላል። ዐሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ የተጠየቀ ሰው ወደ ጆንያው ብቻ ተመለስ ቢሉት፣ አብረው ቢሰፉት ይሻለዋል።

እንዲህ ያለው ጀግና በስድሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ መስቀል ባለፈ ማግስት፣ መፍራት ጀመረ። ምኑን እንደሚፈራ አያውቀውም። በር በተንኳኳ ቁጥር ልቡ እንደ ሰርግ ቤት ከበሮ ይደልቃል። ሰው በተሰበሰበበት ትንፋሽ ያጥረዋል። «አንድ ቀን የገዛ ስሜን የምጠራ እየመሰለኝ ነው» ብሎ ለሚስቱ ለዋጋነሽ ብቻ ሹክ አላት።

ዋጋነሽ ሰባት ቀን ጠበል አስጠመቀችው። ጠበሉ ጉንፋኑን ወሰደለት። ፍርሃቱ ግን ለካ ዋና ያውቃል፤ በስምንተኛው ቀን ደረቁን ብቅ አለ። ያኔ ጦር ኃይሎች አጠገብ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ይዛው ሄደች። ሐኪሙ ገና ከውጭ አገር ትምህርት የተመለሰ፣ አፉ ላይ ጨዋነት የማይጎድለው ወጣት ነበር።

«እነዚህን ክኒኖች በየማታው አንድ አንድ ይወስዳሉ» አለው። «ለአሥራ አራት ቀን ያህል አፍዎ ይደርቃል፣ ዓይንዎ ይደበዝዛል፣ እንቅልፍ ይጫንዎታል። ከዚያ ሰውነትዎ ይለምደዋል፤ ፍርሃቱም ይቀልልዎታል። በራስዎ ፈቃድ እንዳያቋርጡ።»

«ዶክተር፣ የእኔ ሥራ እኮ በአፍ ነው።»

«ምንድን ነው የሚሠሩት?»

«ጡሩምባ ነፊ ነኝ።»

«ኦ! የክብር ዘበኛ ሙዚቀኛ ነዎት?»

«ኧረ የሙታን!»

ሐኪሙ ክኒኑን በቁጥር ላብዛው ይሆን እንዴ በሚል ዓይን ትንሽ አየው፤ ከዚያ ብዕሩን ከደነ።

ክኒኗ ቢጫ ናት፤ በመጠኗ የምስር ክክ ታክላለች። ሥራዋ ግን የዝሆን ነበር። በሁለተኛው ቀን ምላሱ ላንቃው ላይ እንደ ቴምብር ተለጠፈች። በሦስተኛው ቀን እህል በረንዳ ጆንያ ሲሰፋ እንቅልፍ ጣለው፤ ሲነቃ የገዛ ኮቱን እጅጌ ከሃያ ኪሎ ጤፍ ጋር ሰፍቶታል። መርፌ ላይ ክር ማስገባት ቀርቶ፣ መርፌው ራሱ ሁለት ሆኖ ይታየው ጀመር።

በአራተኛው ቀን ሰው ሞተ። ኃይለመስቀል ጡሩምባውን ወደ ከንፈሩ አስጠግቶ ጉንጩን ነፋ። የወጣው ድምፅ የዳክዬ ነበር። ደገመው፤ ሌላ ዳክዬ መለሰላት። የሰፈሩ ሰው አንድም አልተነሣ። እንዲያውም አንዲት ሴት በአጥር ቀዳዳ ብቅ ብላ «ዳክዬዋ ስንት ነች፣ አባባ?» ብላ ጠየቀችው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የእድሩ ዋና ዳኛ ባላምባራስ ገብረአምላክ አስጠሩት። ባላምባራስ ማዕረጉን እንዴት እንዳገኙት ሦስት ታሪክ አለ፤ ሦስቱንም የሚያወሩት እርሳቸው ናቸው።

«ምን ነካህ?» አሉት ከዘራቸውን እየወዘወዙ። «የሰውን ሞት በዳክዬ አረዳህ አሉ!»

«ጉሮሮዬን ጉንፋን ይዞኝ ነው፣ ባላምባራስ።» ክኒን እወስዳለሁ ቢል «የእብድ መድኃኒት» ሊሉት ነው፤ እብድ ደግሞ የእድር ጡሩምባ አይይዝም።

«አንድ ጊዜ ደግሞ ብትሳሳት ጡሩምባዋን ለአሥር አለቃ ገሜዳ ታስረክባለህ። አሥር አለቃ የጦር ሠራዊት ጡሩምባ ነፊ የነበረ ነው፤ ሲነፋ የሞተው ሰው ራሱ ቀጥ ብሎ ይቆማል።»

አሥር አለቃ ገሜዳ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ለዚህች ጡሩምባ ምራቁን ሲውጥ የኖረ ሰው ነው። ከባላምባራስ ጎን ቆሞ ነበርና አሁንም ዋጠ።

ኃይለመስቀል ቤቱ ገብቶ በጣቱ ቆጠረ። አሥር ቀን ይቀራል። አሥር ቀን ሙሉ ሰው እንዳይሞት ለመድኃኔዓለም ተሳለ።

ዋጋነሽ ግን በስለት ብቻ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። ግማሽ ሎሚ በኪሱ ከተተችለት። «ከመንፋትህ በፊት ምጠጣት። ምራቅ ካልመጣልህ የባላምባራስ ሚስት የሠራችውን የበግ ወጥ አስበው።» ለእንቅልፉ ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ቀዝቃዛ ውኃ ፊቱ ላይ ትረጭለታለች። ለዓይኑ ግን መላ አልተገኘም። «ወረቀቱን እኔ ላንብብልህ» ብትለው ሳቀባት። ዋጋነሽ የፊደል ሠራዊት የማታ ትምህርት ገብታ ሁለተኛውን መጽሐፍ ጨርሳለች። «አንቺ ደግሞ! ዐሥራ ሰባት ዓመት ያነበብኩትን በሚስት ላስነብብ?»

እዚህ ላይ ወረቀት ሲባል የቱ እንደሆነ ይታወቅ። ሰው ሲሞት ባላምባራስ በገዛ እጃቸው ጽፈው ለጡሩምባ ነፊው ይልካሉ። አጻጻፋቸው እንዲህ ነው። ከላይ የቤት ወጋግራ በሚያህል ፊደል «ከባላምባራስ ገብረአምላክ» ይላል። ቀጥሎ ስድስት መስመር ማዕረግ፣ ሜዳይ፣ ኃላፊነትና የተመሰገኑባቸው ቀኖች። ቀጥሎ ሎሚ የሚያህል ማኅተም። ከማኅተሙ ሥር፣ ቦታ ከተረፈ፣ ጉንዳን በምታህል ፊደል የሟቹ ስም። አንዳንዴ ቦታ አይተርፍምና ሟቹ በኅዳጉ ላይ ወደ ጎን ይጋደማል። የቀብሩ ሰዓት ሁልጊዜ ዘጠኝ ነውና አይጻፍም።

ስለቱ እስከ ዘጠነኛው ቀን ሠራ። በዘጠነኛው ቀን ጎህ ሲቀድ የባላምባራስ ዘበኛ ወረቀቱን በበሩ ሥር አሾልኮ ሄደ። ዋጋነሽ ወረፋ ለመያዝ ቦኖ ወርዳለች። ኃይለመስቀል ወረቀቱን ኩራዙ ላይ አስጠጋ። ፊደሎቹ እንደ ምስጥ ይርመሰመሳሉ። አርቆ ያዘው፤ ምስጦቹ ክንፍ አወጡ። በመጨረሻ ከዚያ ሁሉ ግርግር ውስጥ አንድ ስም ብቻ ጸንቶ ቆመ፤ ወጋግራ የሚያህለው ስም።

«ውይ!» አለ ኃይለመስቀል፣ እንቅልፍ የተጫነው ራሱ ወረቀቱን ማን እንደሚጽፈው ረስቶ። «ባላምባራስ!»

ዕንባው መጣ፤ ምራቁ ግን አልመጣም። ሎሚዋን እስከ ቅርፊቷ መጥጦ ጨረሳት። ጡሩምባውንም አንሥቶ ነፋ። መቼም እንደዚያ ቀን ነፍቶ አያውቅም። የሦስት ቤት ቆርቆሮ ተላቀቀ፣ ጦር ኃይሎች ላይ የቆመች ሴይቼንቶ ታክሲ በራሷ ተነሣች።

«የእድር አባላት ሆይ! ባላምባራስ ገብረአምላክ ዐርፈዋል! ቀብራቸው በዘጠኝ ሰዓት ቀራንዮ መድኃኔዓለም ነው!»

የእድሩ ድንኳን ተካዮች ለወትሮው እስኪነቁ ረፋድ ይሆናል። የዳኛ ሞት ነውና በዚያች ሰዓት ውስጥ ድንኳኑ ባላምባራስ ግቢ ቆመ። የባላምባራስ ሚስት ወይዘሮ ሰብሌ ከኪዳን ስትመለስ ደጇን የሞላውን ሕዝብ አየች። ባሏን ትታ የወጣችው ባኞ ውስጥ ሲገቡ ነው። ያ ባኞ ኮልፌ ውስጥ ካሉት ሁለት ባኞዎች አንዱ ነው፤ ሁለተኛው የዶሮ ማደሪያ ሆኗል።

«ብዬ ነበር!» ብላ ራሷን ያዘች። «ባኞው ይገድልሃል ብዬው ነበር! አንሸራቶ ጣለብኝ!»

ከዚህ በኋላ ማን ይጠይቃል? ሚስት ካለቀሰች አለቀ።

ባላምባራስ ግን በባኞው ውስጥ እስከ አንገታቸው ሳሙና ለብሰው ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ልቅሶውን ሲሰሙ «የማን ግቢ ነው?» አሉ። ቀጥሎ ስማቸውን ሰሙ። ሊጮኹ አፋቸውን ሲከፍቱ አንዷ አልቃሽ «የቀራንዮው ዋርካ!» አለች። አፋቸውን ዘጉ። «የድኻ ጥላ!» አለች ሌላዋ። ባላምባራስ ሙቅ ውኃ ጨመሩ። ውኃው ሦስት ጊዜ ቀዝቅዞ ሦስት ጊዜ ሞቀ፤ ውዳሴው ቀጠለ።

እንዲህ ሆኖ ሳለ አሥር አለቃ ገሜዳ መጣና ልክ ከባኞው መስኮት ሥር ተቀመጠ።

«ነፍሳቸውን ይማር» አለ አጠገቡ ላለው ሰው። «ንግግራቸውን ግን አይማረው። ባለፈው ስብሰባ መክፈቻውን ሲጀምሩ ላሜ ምጥ ላይ ነበረች፤ ሲጨርሱ ብሄድ ጥጃዋ ጡት ጥላለች።»

«ገ-ሜ-ዳ!»

መስኮቱ ብርግድ አለ። ነጭ አረፋ የለበሰ ራስ ወጣ። በዚያች ቅጽበት ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሕዝብ በሦስት አቅጣጫ ተበተነ፤ አንድ ወፍራም ሰውዬ ካስማ ነቅሎ ከነድንኳኑ ጥግ ሮጠ። ወይዘሮ ሰብሌ ብቻ ቀርታ «በል እንግዲህ አንተ ሰውዬ፣ ወይ ሙት ወይ ውጣ!» አለች።

ኃይለመስቀል ዙሩን ጨርሶ፣ ዕንባውን እየጠረገ ግቢው ሲደርስ፣ ሟቹ ጋቢ ለብሰው፣ ከጢማቸው ውኃ እየተንጠባጠበ፣ ድንኳኑ መካከል ቆመው ጠበቁት። ሕዝቡም አንድ በአንድ ተመልሶ ከቧል። ሁሉም እሱን ነው የሚያየው።

ሌላ ቀን ቢሆን እዚያው ክው ብሎ ይቀር ነበር። አሁን ጆሮውን ወደ ደረቱ አዘነበለ። ልቡ ትመታለች፤ ግን እንደ ሰው ልብ ነው እንጂ እንደ ከበሮ አይደለም። ገረመው።

«ጡሩምባዋን አስረክብ!» አሉ ባላምባራስ።

«እኔም ልናገር ነበር» አለ አሥር አለቃ ገሜዳ፣ ከላሟ ጉዳይ ለመሸሽ እየተጣደፈ። «ሰውዬው ክኒን ይውጣል! ከክሊኒክ ሲወጣ አይቼዋለሁ። የእብድ ክኒን!»

አጠገቡ የነበሩት ሰዎች አንድ አንድ እርምጃ ራቅ አሉ።

«እውነት ነው» አለ ኃይለመስቀል። «ፍርሃት ያዘኝ፤ ምክንያት የሌለው ፍርሃት። ለሱ ክኒን እወስዳለሁ። አፌን ታደርቃለች፣ ዓይኔን ታደበዝዛለች፤ አምስት ቀን ቢቀራት ነው። የዳክዬው ጥፋት የአፌ ነው፤ የዛሬው የዓይኔ። ጉንፋን ነው ብዬ ዋሽቻለሁ፤ ለሱ ይቅርታ። ግን ዓይኔ ብቻ ነው እንዳትሉ፣ ወረቀቱ ይኸውና፤ ጤነኛ ዓይን ያለው ያንብበው።»

ይህን ሲል ዋጋነሽ የውኃ ቆርቆሮዋን እንደ ተሸከመች ደረሰች። አውርዳ ወረቀቱን ከእጁ ወሰደችና በማታ ትምህርት ቤት ዜማ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። «ከባላምባራስ ገብረአምላክ...» በአንድ ትንፋሽ ሁለት መስመር ማዕረግ አነበበች። ተነፈሰች። ሜዳዮቹን አነበበች። ተነፈሰች። ከሕዝቡ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ቁጭ አሉ። ማኅተሙን ዞረች፤ ወረቀቱን ወደ ጎን አጋደመች።

«...ወይዘሮ ወለተጻድቅ ስላረፉ።»

«ማን?» አሉ ሁሉም።

«እማማ ወለተጻድቅ! ከቦኖው በላይ ያሉት! ቤተ ዘመዱ ብቻውን ተቀምጦ ‹እድርተኛ ምን በደልነው?› እያለ ሲያለቅስ ሰምቼ ነው የመጣሁት!»

አንዳንዱ ሰው አንገቱን ደፋ። ቁጭ ያሉት ሽማግሌ ተነሡና ወረቀቱን ለባላምባራስ ሰጧቸው። «እስቲ እርስዎ ያሳዩን። ሟቿ የታለች?»

ባላምባራስ አስጠጉት። አራቁት። ገለበጡት። «መነጽሬ...» አሉ።

ፍርዱ እዚያው ቆመው ተፈረደ። ከዛሬ ጀምሮ የሟች ስም ከላይ በትልቁ ይጻፋል፤ የዳኛው ስም ከታች፣ ማዕረጉ ወረቀት ከተረፈ። ኃይለመስቀል ዓይኑ እስኪጠራ ወረቀቱን ሚስቱ ታነብለታለች። ጡሩምባዋ እዚያው እጁ ላይ ትቆያለች፤ አምስቱ ቀን አልፎ ደግሞ ቢሳሳት ያኔ ይታያል። አሥር አለቃ ገሜዳ እጁን ለተቃውሞ ሊያነሣ ሲል የባላምባራስን ዓይን አየና ራሱን አከከበት።

ሕዝቡ ድንኳኑን ነቅሎ ወደ እማማ ወለተጻድቅ ቤት መጓዝ ሲጀምር ባላምባራስ ኃይለመስቀልን በክንዱ ጎተቱት።

«ስማ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ደረታቸውን እየነኩ። «እኔም ከስብሰባ በፊት እዚህ ጋ ይደልቀኛል። ያቺ ክኒን...»

«ሐኪሙን ይጠይቁት እንጂ ባላምባራስ፣ የኔን አልሰጥዎትም። ደግሞም አፍ ታደርቃለች።»

«እንዴት?»

«መናገር ያስቸግራል።»

ፊት ፊት ይሄዱ የነበሩት ሽማግሌ ዘወር አሉ። «ዛሬውኑ ሐኪሙ ጋ ውሰዷቸው! ታክሲ ጥሩ!»

ኃይለመስቀል ደጅ ወጣ። ለሟች የሚታወጀውን በእንቅልፉም ያውቀዋል፤ በሕይወት ላለ ሰው የሚሆን አዋጅ ግን ከአባቶቹም አልሰማም። ዋጋነሽ ከኪሷ ሁለተኛውን ግማሽ ሎሚ አውጥታ ሰጠችው። መጥጦ ነፋ። መጀመሪያ ዳክዬዋ ወጣች። ሁለተኛውን ሲነፋ ኮልፌ ተንቀጠቀጠች።

ዋጋነሽ በጆሮው አነበበችለት፤ እሱ ጮኸ።

«የእድር አባላት ሆይ! እማማ ወለተጻድቅ ዐርፈዋል! ቀብራቸው በዘጠኝ ሰዓት ነው!» ትንፋሽ ወሰደ። «ባላምባራስ ገብረአምላክ ደግሞ... አሉ! በቀብሩም ላይ አይናገሩም!»

«የመጨረሻውን ከየት አመጣኸው?» አለች ዋጋነሽ። «ወረቀቱ ላይ የለም።»

«ከራሴ» አለ። ከአጥሩ ሁሉ ጀርባ ሰው ብቅ ብሎ «እልል!» ሲል ሰማ። ደረቱን ዳሰሰ፤ ጸጥ ብሏል። «ነይ፣ ገና በዘነበወርቅ በኩል ይቀረናል። እዚያ እስካሁን እሳቸውን እያለቀሱ ነው።»