ሙዙን እዪ

ኤርጫፎ ቅናቱን ለማንም አልተናገረም፤ ፊቱ ግን ያሳብቅበት ነበር።

ሴቻ ላይ፣ የአባያን ሐይቅ ቁልቁል በሚያይ አንድ ሎጅ ግቢ ውስጥ፣ ስድስት ጉድጓድ ያለው ትንሽ የጎልፍ ሜዳ አለ። ሣሩን የሚያጭደው፣ ባንዲራውን የሚተክለው፣ ከብት በገባ ቁጥር የሚራገመው ኤርጫፎ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ። እንግዶች ጥለው የሄዱትን ዱላ እያነሳ መምታትን የተማረው ብቻውን ነው። ኳስ አርቆ በመምታት የሚደርስበት ሰው ሴቻም ሆነ ታች ሲቀላ ሰፈር አልተገኘም። እርግጥ፣ የሞከረም አልነበረም።

ስለዚህ ሎጁ ለእንግዶች የጎልፍ አሰልጣኝ ሊቀጥር ነው ሲባል፣ ኤርጫፎ ቦታውን በልቡ ያዘው። ለሚስቱም ነገራት። ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ አገርነሽ ግን፣ "ሁለት ሰው አለኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ይጋጠሙና ስድስቱን ጉድጓድ በትንሽ ምት የጨረሰ ይወስዳል" አሉ።

ሁለተኛዋ ሰው ትንሳኤ ናት። አምና ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ እንግዳ መቀበያው ላይ የተቀጠረች ልጅ። ዱላ አያያዝ ያስተማራት ማን ሆነና? ራሱ ኤርጫፎ ነው፤ ጣቷን አንድ በአንድ እያስተካከለ። የሚነግራትን ሁሉ በትንሽ ደብተር ስትጽፍ ያኔ ደስ ይለው ነበር። አሁን ያችን ደብተር ባየ ቁጥር ደሙ ይፈላል። የልጅቷ ኳስ ሩቅ አይሄድም፤ ግን የትም አይጠፋም። እሱ ኳሱን ከዓይን ሲያርቀው ዝም የሚሉ ሰዎች፣ እሷ እዚህች ቅርብ መሃል ሜዳ ላይ ስታሳርፍ "ጎበዝ!" ይላሉ። ምኑ ነው ጎበዝ? ቤተ ክርስቲያን እንኳ የኳየር ዘማሪዎቹ "ያቺ ጎልፍ የምትጫወተው ልጅ እንዴት ናት?" እያሉ ይጠይቁታል። ስለ እሱ የጠየቀ አንድም ሰው የለም።

ቅዳሜ አራቱን ጉድጓድ ጨርሰው እኩል ሆኑ። እሱ በሁለት ረጃጅም ምቶች ያገኘውን፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ኳስ ሲፈልግ አጥቶታል። እሷ ላብ እንኳ አልወጣትም። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደደው።

አምስተኛው ጉድጓድ ክፉ ነው። በሚመታበት ቦታና በባንዲራው መሃል ጥልቅ ቦረቦር አለ፤ ውስጡ ሙዝ ሞልቶበታል። ወይ በአንድ ምት መሻገር ነው፣ ወይ ከአፋፉ በፊት አሳርፎ በሁለተኛው ምት መሻገር። ከሰዓት በኋላ ከአባያ የሚነሳው ነፋስ የሚወጣው በዚያ ቦረቦር ነው። የሚመታበትን ቦታ ግን የሎጁ ግንብ ስለሚከልለው አንዲት ሣር አትነቃነቅም። እውነቱን የሚናገረው ታች ያለው የሙዝ ቅጠል ነው። ይህን ልብ ያለው ሣር አጫጁ ብቻ ነበር።

ኤርጫፎ ቁልቁል አየ። ቅጠሉ ይርገበገባል። ቀና ሲል ትንሳኤ አርቆ የሚመታውን ረጅሙን ዱላ ይዛ ታመነታለች። በጨዋታ መሃል ተጋጣሚን መምከር ክልክል መሆኑን ያስተማራት እሱ ነው፤ ቢሆንም ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ተሻገሪ። ዛሬ ነፋስ የለም።"

"እውነትዎን ነው ጋሼ?"

"ሣሩን አታዪም እንዴ?"

ሣሩን አየች። ከዚያ ደብተሯን ከኪሷ አውጥታ አንድ ገጽ አነበበች፤ ረጅሙን ዱላ መልሳ አጭሩን አነሳች። ኳሷ አፋፉ ጋ ልትደርስ አሥር እርምጃ ሲቀራት ቆመች።

ተራው የእሱ ሆነ። እሱም አጭሩን ቢያነሳ ምንም አይጎዳም ነበር። ነገር ግን "ነፋስ የለም" ብሏል፤ አሁን አጭሩን ካነሳ ውሸታምነቱን ለልጅቷ በእጁ ፈረመላት ማለት ነው። ደግሞስ በእሷ መንገድ፣ ከእሷ ኋላ? ሞቶ ነው! ረጅሙን አነሳና ያለ የሌለ ኃይሉን አሳረፈበት። ኳሱ ወጣ፣ ወጣ፣ ቦረቦሩ መሃል ሲደርስ ነፋሱ ተቀበለውና ሙዙ ውስጥ ጣለው።

ያንን ጉድጓድ እሷ በአምስት ጨረሰች፤ እሱ በስምንት። ስድስተኛው ላይ የሚመለስ ልዩነት አልነበረም።

ሠራተኛው ሁሉ ከቧት ሳለ ወይዘሮ አገርነሽ፣ "አምስተኛው ላይ ረጅሙን ይዘሽ አልነበር? ምን አስለወጠሽ?" ብለው ጠየቋት።

ትንሳኤ እየሳቀች ደብተሯን ገልጣ አነበበች። "አምስተኛው። ሣሩን ተዪው፣ ሙዙን እዪ። ከሰዓት በኋላ እኔ ራሴ ተሻገሪ ብልሽ እንኳ እንዳትሻገሪ። ጋሼ ኤርጫፎ፣ የካቲት ሰባት።"

ኤርጫፎ ይህን መናገሩን ጭራሽ ረስቶት ነበር። ሁሉም ወደ እሱ ዞሮ አጨበጨበ። "መምህር ማለት እንዲህ ነው!" አሉ ወይዘሮ አገርነሽ። ስንት ወር የተመኘው ጭብጨባ ነበር፤ ሲመጣለት ግን አንገቱን ደፋ።

"ዛሬም ሊፈትኑኝ ነበር አይደል ጋሼ?" አለች ትንሳኤ። "ለትንሽ አምኜዎት ነበር እኮ!"

ዓይኗ ውስጥ ተንኮል ፈለገ። የለም። ልጅቷ የምሯን ነው። ተንኮል ቢኖርባት ይቀልለው ነበር።

"አዎ" አለ። "ፈተና ነበር።"

እስክሪብቶዋን አወጣች። "አይደለም፣ እንድትወድቂ ፈልጌ ነው" ሊላት አፉን ሲከፍት፣ ከዚያው ምክር ሥር "ፈተና ነበር" ብላ ጽፋ ጨርሳ ነበር። እንደ ሁልጊዜው በጥንቃቄ ነው የጻፈችው፤ ቀኑንም፣ ስሙንም አልረሳችም።