ለዓሣው የጨመርሁት ጨው

በ፲፱፻፴ ዓ.ም.፣ ጣሊያን ደብረ ታቦርን በያዘ በሁለተኛው ዓመት፣ በአንድ ጣሊያናዊ ሐኪም ቤት ተቀጥሬ ዓሣ እጠብቅ ነበር። ዓሣው ከአውራ ጣት አይበልጥም፤ መልኩ እንደ ብርቱካን ሆኖ ሁለት ነጭ መቀነት የታጠቀ ይመስላል። ሐኪሙ ከምጽዋ በመኪና ሲያስመጣው የባሕሩንም ውኃ አብሮ በበርሜል አስጭኖ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ አኑሮታል።

የአገራችን ብርድ እንዳይገድለው ከሣጥኑ አጠገብ የከሰል ማንደጃ አነድዳለሁ። ውኃው አየር እንዲያገኝ በጎማ መንፊያ ቀኑን ሙሉ እነፋበታለሁ። የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል በመርፌ ጫፍ እያነሣሁ አበላዋለሁ። የቤቱ ልብስ አጣቢ ፈንታነሽ በደጅ ባለፈች ቁጥር፣ "አንተ የዓሣ ሞግዚት፣ ዛሬስ አዘልኸው?" እያለች ትሥቅብኝ ነበር። እኔም አብሬ እሥቅ ነበር።

ከማንደጃው ሙቀት የተነሣ ውኃው በየቀኑ ይጎድላል። ሐኪሙ በአስተርጓሚ፣ "የዝናብ ውኃ ብቻ ጨምርበት" ብሎ አዝዞኛል። እኔ ግን የባሕር ዓሣ ጨው ካልቀመሰ እንዴት ይኖራል ብዬ፣ ውኃ በጨመርሁ ቁጥር ከአሞሌ እየፋቅሁ አሟሟበት ጀመር። ለእንግዳ ወጥ እንደማጣፈጥ ቆጠርሁት። በሦስተኛው ሳምንት ዓሣው መብላት ተወ፤ ከዚያም በጎኑ ተኝቶ ተንሳፈፈ።

ሐኪሙ ፊቱ ቀልቶ መጣ። አስተርጓሚው፣ "ምን ነካው? ተናገር!" አለኝ። ጨው መጨመሬን ብናገር ትእዛዝ መጣሴ ነው፤ ጅራፉ ደግሞ ከግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

"ፈንታነሽ ሳሙና የነካ እጇን ነከረችበት" አልሁ።

በዕለቱ በገበያ መካከል ገረፏት፤ ከሥራም አባረሯት። እኔ ቆመው ከሚያዩት ጋር ቆሜ አየሁ። ከዚያ ወዲያ መርዘኛ የሚል ስም ወጣላት፤ ጎረቤት እንኳ በእጇ የነካችውን መቅመስ ፈራ።

ፊደል የቆጠርሁት በአምሳ ዓመቴ ነው። አንድ ቀን የልጄን ልጅ የሳይንስ መጽሐፍ ሳነብ፣ ውኃ ሲተን ጨው እንደሚቀር አገኘሁ። በጨው ላይ ጨው እየደረብሁ የገደልሁት እኔ እንደ ነበርሁ ያን ጊዜ ገባኝ። ፈንታነሽ ከተባረረች ወዲህ እስከምትኖርበት እስከ ጋፋት ሄጄ ነገርኋት።

ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። "የጨውንስ ነገር ባታውቅ ነው" አለች። "እጄን ስነክር ግን አይተኸኝ ነበር?"

"አላየሁም፣ እታለም።"

"እንግዲያው ለኔ ምን ትነግረኛለህ? እኔማ አውቀዋለሁ። ስገረፍ ላየው ሰው ንገርልኝ።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው በደጀ ሰላሙ እንደ ተሰበሰበ ተነሥቼ ቆምሁ። ስለ መስታወቱ ሣጥን፣ ስለ ጎማ መንፊያው፣ ስለ ጨዉም አወራሁ።

"ዓሣውን በቁሙ ወጥ ሠራው በሉኛ!" አለ አንዱ። ሰው ሁሉ ሣቀ። ሣቁ ደስ አለኝ። ስሟን ሳልጠራ ተቀመጥሁ።

ፈንታነሽ ከሴቶቹ በኩል ቆማ ትጠብቅ ነበር። ጥቂት አየችኝና ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች።

ዛሬ እርሷ በሕይወት የለችም። ስትገረፍ ካዩት ጥቂቶች ግን አሉ፤ ልጆቻቸውም ማንበብ ይችላሉ። ስለዚህ ያን እሑድ ያስቀረሁትን እጽፋለሁ፦ ፈንታነሽ ውኃውን አልነካችም። ለራሴ ፈርቼ ዋሸሁባት።