የማፍረሻ ቃላት

የልጅ ልጄ ሚጣ የእንግሊዝኛ የማፍረሻ ቃላት ማጥናት ከጀመረች ወዲህ ቤቱ ሰላም አጣ። ጥርሷን እየቦረሸች ታጠናለች፤ ልብስ እያሰጣች ታጠናለች። «ዲሞሊሽ፣ ማፍረስ። ኖክ ዳውን፣ መትቶ መጣል። ፑል ዳውን፣ ስቦ መናድ። ዋይፕ አውት፣ ጠራርጎ ማጥፋት። ጌት ሪድ ኦፍ፣ ማስወገድ።» እኔም ከኋላ ከኋላዋ እላለሁ። ምናለ በጠዋቱ ደግ ነገር ከአፏ ቢወጣ?

«ፈረንጆቹ ሌላ ሥራ የላቸውም እንዴ? ለአንድ ጥፋት ይህ ሁሉ ቃል!» አልኳት።

«ገና ምኑን ሰምተሽ፣ እምዬ! ብሎው አፕ አለ፤ በፈንጂ ማጋየት።»

«አፕ ወደ ላይ አይደል? ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጫለሁ እኮ።»

«ነው።»

«ዳውንም ያፈርሳል፣ አፕም ያፈርሳል። ታዲያ ሰው የት ይቁም?»

ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ አሮጌ የክር ፋብሪካ ሊፈርስ ነው። መሐንዲሱ የውጭ አገር ሰው፣ ከእንግሊዝኛ ሌላ አያውቅም፤ አፍራሾቹ ደግሞ እንግሊዝኛ አይሰሙም። እሱ ያዘዘውን ተቀብላ ለእነሱ የምትነግረው ሚጣ ናት። የአፍራሾቹ አለቃ «ግማሽ ቀን ትሞከር፤ ከሆነች ትቀጠራለች» ብሏል። ሥራ ፍለጋ ጫማዋን የጨረሰች ልጅ ናት፤ ይህንንም ካጣች አንገቷን ደፍታ እንደምትቀር አውቃለሁ። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። አንዴ አፏ ቢተሳሰር ግድግዳው ሰው ላይ ነው። ወይም፣ አፌን ይቁረጠውና፣ ራሷ ላይ። እናቷ ካለፈች ወዲህ እኔ ያለ እሷ ማን አለኝ?

«ሌላው ቢቀር ሥርዓት ያዢ» አልኳት። «እዚያ አባትሽ የሚሆኑ ሰዎች አሉ። ብድግ እያልሽ አፍርስ፣ ናድ እንዳትዪ። አንቱ በይ፤ እባክዎ በይ።»

እሺ አለችኝ። «አባቴ፣ እባክዎ ይህቺን ግድግዳ ቢንዱልን» እያለች መስታወት ፊት ተለማመደች። ደስ አለኝ። እኔ ያሳደግኋት ልጅ ፍርስራሽ መሀል ቆማ እንኳ ባለጌ አትሆንም አልኩ።

በመሞከሪያዋ ቀን ቤት መቀመጥ አቃተኝ። እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ። የተጠረገ ወለል መልሼ ጠረግኩ። ኋላ ሻሼን አስሬ ወጣሁ። ሐሳቤ እጇን ይዤ ወደ ቤት ላመጣት ነው።

የፋብሪካው የቆርቆሮ አጥር ስንጥቅ ነበረው፤ ዓይኔን አስጠጋሁ።

«እናት፣ እዚህ መቆም ክልክል ነው» አለኝ ዘበኛው።

«መች ቆምኩ? ተደግፌ ነው» አልኩት።

ሚጣ ጭንቅላቷን የዋጠ የፕላስቲክ ቆብ ደፍታ መሐንዲሱ አጠገብ ቆማለች። ግድግዳው ሥር አንድ ሽበታም ሰው ረጅም ብረት ይዞ ይፈነቅላል። ጓደኞቹ በብረቱ ስም ጋሽ ዲጂኖ ይሉታል። መሐንዲሱ «ኖክ ዳውን!» አለ።

«አባቴ፣ ካላስቸገርኩዎ ያንን በስተግራ ያለውን ቢጥሉልን...» አለች ሚጣ።

«ልጄ፣ ሰርግ እየጠራሽኝ ነው ወይስ ግድግዳ እያስፈረስሽኝ?» አላት ጋሽ ዲጂኖ። ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። አለቃው ብቻ አልሳቀም፤ ራሱን ነቀነቀ። ሊያባርራት ነው አልኩ። ልቤ ሁለት ሆነ፤ ቢያባርራት ይዣት እገባለሁ፣ ቢያባርራት ደግሞ እንባዋን ማን ይችለዋል?

ወዲያው ከግድግዳው አናት አቧራ ሲንጠባጠብ አየሁ። መሐንዲሱ እጁን እያወናጨፈ ጮኸ። ሚጣ አፏን ከፈተች።

«አባቴ፣ እባክዎ...»

ግድግዳው ሆዱ ተነፋ። እኔ ቆርቆሮውን ጨብጬ ልጮህ ብል ድምፄ ጠፋ። ተዪው፣ እባክዎውን ተዪው!

«ውጣ!» አለች። «አንተ ሽማግሌ፣ ውጣ ከዚያ!»

ጋሽ ዲጂኖ ብረቱን ጥሎ ዘለለ። ጡቡ ሰውየው ቆሞበት በነበረው ቦታ ላይ ተዘረገፈ። ከዚያ አቧራ ብቻ ሆነ። ከአቧራው ውስጥ ዱቄት የመሰለ ሰው እያሳለ ወጣና ሚጣ ፊት ቆመ።

«ማነው ሽማግሌ?»

«ይቅርታ፣ አባቴ፤ እኔ እኮ...» እንባዋ ቀደማት።

«ይቅርታውን ምሳ ሰዓት ትነግሪኛለሽ። ያኔ እንደልብሽ አንቱ በይኝ። ግድግዳ ሥር ስሆን ግን አንተ ነኝ፤ ገባሽ?» ወደ አለቃው ዞረ። «ይህቺ ልጅ ነገ ካልመጣች እኔም አልመጣም።»

አለቃው መሬት መሬት አየና «እንግዲህ ነገ በጊዜ ትግባ» አለ።

ሚጣ እንባዋን ስትጠርግ በስንጥቁ አየችኝ። ሮጣ መጣች።

«እምዬ! እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?»

ነይ ቤታችን እንሂድ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። እሷም የምለውን ፈርታ ትጠብቃለች፤ ተመለሺ ብላት እንደምትመለስ፣ ቅሪ ብላት እንደምትቀር ፊቷ ላይ ይነበባል።

«ድምፅሽ ቀጠነብኝ» አልኳት። «ከዚህ በላይ ጮክ በይ።»

ተመለሰች። እኔ ግን መሄድ አልሆነልኝም። ዘበኛው ዞር ሲልልኝ፣ እሷ የቆመችበት በደንብ የሚታይበት ሌላ ስንጥቅ ፍለጋ አጥሩን ተከትዬ ሄድኩ።