ቅቤ ይዤ ሐኪም ቤት

በ1968 ዓ.ም. ፉሪ ውስጥ እግሩ ወለም ያለውም፣ ክንዱ የወለቀውም የሚመጣው እኔ ዘንድ ነበር። ሸጊቱ ወጌሻዋ ይሉኛል። እጄ መልካም ነው፤ አፌ ግን ትንሽ ክፉ ነው። የሚጮህ በሽተኛ አልወድም።

ክረምቱ ሲወጣ የራሴ ቀኝ ትከሻ ያዘኝ። እጄ ከደረቴ በላይ አልወጣ አለ፤ ነጠላዬን ማጣፋት እንኳ አቃተኝ። ሌላ ወጌሻ ሁለት ጊዜ አሸኝ፤ ይባስ ብሎ አበጠ። ሰው መታሻ ቅቤውን ይዞ ደጄ ሲመጣ «ሌላ ቦታ ሂዱ» እያልኩ መመለስ ጀመርኩ። እጄ ካልሠራ እኔ ማን ነኝ? ብቻዬን ስሆን አለቅስ ነበር።

ባሌ በንቲ ከገበሬ ማኅበሩ የሐኪም ቤት ወረቀት አጽፎ መጣ።

«ከተማ የቻይና ሐኪሞች አሉ። በእጃቸው እያሹ ያድናሉ አሉ።»

«እኔስ በምን ነው የማሸው? በእግሬ?»

«የራስሽን ትከሻ ማሸት ትችያለሽ?»

ወረቀቱን ከእጁ ተቀበልኩት። በማግስቱ ሄድኩ።

ወጌሻ ዘንድ ባዶ እጅ አይኬድም፤ ቅቤውን የሚያመጣው በሽተኛው ነው። እኔም ለጋ ቅቤ በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ ያዝኩ። ሐኪም ቤቱ ስደርስ ዶክተር ሊን የሚሉት ቀጭን ቻይናዊ በሁለት እጁ ተቀበለኝ፣ አጎንብሶ አመሰገነኝና መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ስጦታ መስሎታል! በኋላ እንደሰማሁት ሩዝ አበሰለበት። የምታስተረጉመውን ነርስ፣ ትሩፋትን፣ ሳቅ አመለጣት።

«ታዲያ በምን ሊያሸኝ ነው?» አልኳት።

«በደረቁ ነው፣ እማማ።»

ትከሻዬና ክንዴ ላይ ነጭ ጨርቅ ጣል አድርጎ በአውራ ጣቱ ይጫነኝ ጀመር። በጨርቅ ላይ! ደግሞ እኔን የሚያመኝ ትከሻዬ፣ እሱ የሚጫነው ክርኔንና መዳፌን። ይሄ ልጅ ቦታው ጠፍቶበታል አልኩ በልቤ። ኋላ ግን ጣቱ ዋናው ሕመም ጋ ደረሰ። ሳልነግረው ቆመ፣ ትንሽ ጠበቀ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ገባ። እኔም የማደርገው እንደዚያ ነው። ያን ቀን እሪ ብዬ ጮኽኩ።

«ደሙ እንዲዘዋወር፣ የሰውነት ሚዛን እንዲመለስ ነው ይላሉ» አለችኝ ትሩፋት።

በሳምንት ሁለቴ ተመላለስኩ። በሦስተኛው ወር አንድ ጠዋት ነጠላዬን ሳላስበው አጣፋሁት። ደስታዬ ግን ግማሽ ነበር። ትከሻዬስ ተመለሰ፤ ከክረምት ወዲህ ሰው ያልነካው እጄ ሥራውን ያስታውስ ይሆን?

በመጨረሻው ቀን ለምስጋና ብዬ ቅቤ ይዤ ሄድኩ። ያን ቀን ሐኪሙ የሚያሸኝ በክርኑ ነበር። አውራ ጣቱ ከሥሩ አብጧል።

«ምን ሆኖ ነው?» አልኳት ትሩፋትን።

«ከበሽተኛ ብዛት ነው። በዚህ ጣት ከእንግዲህ መሥራቴን እንጃ ይላሉ።»

ያንን ፍርሃት አውቀዋለሁ። ቅቤውን ከኮባው ፈታሁት።

«እጅህን አምጣ!»

ትሩፋት ሳትተረጉምለት ሰጠኝ። ቅቤውን ጣቱ ላይ ስቀባው ዓይኑ ፈጠጠ፤ ያን የበላውን ቅቤ አስታውሶ መሰለኝ፣ ፊቱ ቀላ። ጣቶቼ እኔን አልጠበቁኝም። ያበጠውን ጅማት ራሳቸው ሄደው አገኙት። ሳብ አደረግኩት፤ ቀጭ አለ።

ዶክተር ሊን እሪ አለ። ከዚያ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ወደ ታች አድርጎ አየውና ሳቀ። እኔ እንባዬ መጣ።

«እሑድ ፉሪ መጥቶ ይታሻል በይልኝ» አልኳት ትሩፋትን። «ቅቤውን ግን ራሱ ይዞ ይምጣ።»