የሮስኮ ሣጥን

ራሞና አባቷን የገደለው ሌባ ነው ትላለች። በቀብሩ ዕለት ለፓስተሩም፣ ለሰፈሩ ሰውም፣ የድንች ሰላጣ ይዘው ለመጡት የቤተ ክርስቲያን ሴቶችም ይህንኑ ስትናገር ዋለች። «ሣጥኑን ከበረንዳው ላይ ያነሳ እጁ ይሰበር!» ስትል እኔ አጠገቧ ቆሜ የወረቀት ሳህን አድላለሁ። እጄን አየሁት። ያነሳሁት እኔ ነኝ።

አባቷ ኤልዉድ ፊት ለፊቴ ነበር የሚኖረው፤ በመሃላችን ያለው መንገዱ ብቻ ነው። እሱ ሰማንያ አንድ፣ እኔ ስድሳ ስምንት። እሱ ብረት ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ እዚያ ሠርቶ ጆሮውን የጨረሰ፣ እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ነድቼ ጉሮሮዬን የጨረስኩ። ስናወራ ለማያውቀን የምንጣላ ነው የሚመስለው። እውነቱን ለመናገር ግማሹን ጊዜ እንጣላለንም። ሚስቱ ካረፈች በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀረው ሮስኮ ብቻ ነው፤ ጆሮው መሬት የሚጠርግ፣ ሆዱ የማይጠግብ ሽማግሌ ውሻ።

ያቻምና ክረምት ኤልዉድ ጓሮ ወድቆ ግማሽ ቀን በረዶ ላይ ተኛ። ራሞና ከአሪዞና በርራ መጣችና ጦርነት ተከፈተ። እኔም ወሬው እንዳያመልጠኝ ኬክ ይዤ ሄድኩ።

«አባዬ፣ መጦሪያ ትገባለህ። አለቀ!»

«ውሻ ይቀበላሉ?»

«አይቀበሉም።»

«እንግዲያው እኔንም አይቀበሉኝም።»

ሲወድቅ የሚጫነው የአደጋ መጥሪያ ገዝታ አንገቱ ላይ አሰረችለት። እሷ አውሮፕላን ላይ ስትወጣ እሱ ፈትቶ ለሮስኮ አሰረው። ሮስኮ አንገቱን ባከከ ቁጥር አምቡላንስ እያናፋ ይመጣል። ሁለት ጊዜ መጥተው ኤልዉድንና ሮስኮን እንቁላል ሲበሉ አገኟቸው። መጥሪያውን አስቀርታ በሩ ላይ ከስልኳ የምታይበት ካሜራ አስተከለች። ኤልዉድ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ካልሲ አለበሰው። ያውም ያልታጠበ።

ያስታረቃቸው ሣጥኑ ነው። ለውሻ በየወሩ ሣጥን የሚልክ ድርጅት አለ፤ አንዴ ከተመዘገብክ ሳትጠይቅ ይመጣል። አሻንጉሊት አለው፣ ብስኩት አለው፣ የደረቀ የበሬ ጆሮ አለው፣ ከላይ ደግሞ ለውሻው በስሙ የተጻፈ ደብዳቤ። ራሞና ነች ያስመዘገበችው። መጀመሪያ የመጣ ዕለት ኤልዉድ በረንዳው ላይ ቆሞ ደብዳቤውን ለሮስኮ ጮክ ብሎ ሲያነብለት ደረስኩ።

«ጉድ ነው! እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ልጅ ሳመላልስ ማን ሣጥን ላከልኝ?» አልኩት።

«አንቺም ጭራሽን ቁዪና ይላክልሻል።»

«አፈር ብላ!»

«እሱስ ቀርቧል» አለና ሳቀ። እንዲህ ነው የሚያሟርተው።

ስምምነታቸው ይኼ ነበር። ሣጥኑ በሚመጣበት ቀን ኤልዉድ ካልሲውን ከካሜራው ላይ ያነሳል፤ ራሞናም ሮስኮ ሣጥኑን ሲቦጫጭቅ ታያለች። መቅዳት ግን የለም፤ «ቀጂኝና ካሜራሽን ወንዝ ውስጥ ታገኚዋለሽ» ብሏታል። ሥራ ላይ ሆና ካመለጣት ደግሞ ስትወጣ በረንዳውን ታያለች። ሣጥኑ ከተነሳ አባቷ ደህና ነው። ካልተነሳ ወድቋል ማለት ነው፤ ሰው ትልካለች። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ ቢሆን ምን ነበረበት! ኤልዉድ ራሱ መቶ ጊዜ ነግሮኛል፤ «ሣጥኑ ሳይነሳ ከመሸ ጥቁርሽን ልበሺ» እያለ። በሌላው ቀን ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሮስኮን ሲያወጣ በመስኮቴ አየዋለሁ። ሁለታችን እያለን መጦሪያ ምን ያደርግለታል? ራሞናም በዚህ ተጽናንታ ተወችው። ቤቱ ውስጥ ለመቆየት የነበረው ዋስትና እኔና አንድ ካርቶን ነበርን።

የምስጋና ቀን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ፣ ፖስተኛዋ ማርቫ ስምንት ሰዓት ላይ ሣጥኑን አስቀምጣ ሄደች። ደብዳቤ ቢሆን በሩ ላይ ባለችው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ትጥለው ነበር፤ ሣጥኑ ግን አይገባም። ያን ሰሞን መንደራችን በሌባ ታምሷል። ከበረንዳ ላይ እያነሳ የሚሮጥ አንድ ባለ ኮፍያ ሹራብ ልጅ ነበር፤ ፎቶው በስልካችን ሲዞር ሰንብቷል። የማዕዘኑ ቤት ጎረቤታችን ዲልያ የልጅ ልጇን ቦት ጫማ ተሰርቃ ስታለቅስ ነበር። የሰው ዕቃ ከበረንዳ ማንሳትና ማስቀመጥ ደግሞ እዚህ የደግ ጎረቤት ወግ ነው፤ ማንም ማንንም አያስፈቅድም።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ በመስኮት ሳይ ሣጥኑ እዚያው ነው። ሮስኮ አሥር ደቂቃ የማይታገሰው ሣጥን! ይህን ማየት የነበረበት ዓይኔ ሌባ ሲፈልግ ነበር። ጫማዬን አጠለቅኩና ተሻገርኩ። በሩን አንኳኳሁ። ውስጥ ቴሌቪዥኑ እንደ ልማዱ ይጮሃል። ሮስኮ ከበሩ ጀርባ ጮኸ፤ ዝም ብሎ ጮኸ፣ ጮኸ።

«ዝም በል አንተ! ብስኩትህን ልበላብህ መሰለህ?» አልኩት።

ኤልዉድ ከምሳ በኋላ ይተኛል፤ ያውም ጆሮ የለው። ካሜራው ካልሲውን አውልቋል። ራሞና እያየችኝ መስሎኝ ምላሴን አወጣሁለት። ከዚያ ከቦርሳዬ ያገር ሸቀጥ የተጻፈባት ወረቀት አወጣሁና ጀርባዋ ላይ ጻፍኩ፦ «ሣጥኑ እኔ ጋ ነው። ሌባ እንዳይወስደው ነው። ስትነሳ ና ውሰድ። ኦፓል።» በቀዳዳዋ ወደ ውስጥ ጣልኳት። ሣጥኑን ብብቴ ሥር አድርጌ፣ ደግ ሠራሁ ብዬ፣ እያንጎራጎርኩ ተመለስኩ።

ምስኪኗ ራሞና የጥርስ ሕክምና ቤት ነው የምትሠራው። ስትወጣ ስልኳን ከፈተች። በረንዳው ባዶ ነው። «ተመስገን» ብላ ዘጋችው። ደወለችለት፣ አላነሳም። የምስጋና ቀንን አሪዞና መጥተህ አብረን እናሳልፍ ብላው እምቢ ስላለ ተቀያይመው ነበር፤ አኩርፎ ነው አለች። እሷም አኮረፈች።

እኔስ? ረቡዕ ኤልዉድ አልመጣም። በረዶ ጥሏል፤ እህቴ ከነቤተሰቧ ስለምትመጣ ከጓሮ በኩል ካለው ማድ ቤቴ አልወጣሁም፤ የበዓሉን ትልቅ ዶሮ፣ ተርኪውን ሳሰናዳ፣ የዱባ ፓይ ስጋግር ዋልኩ። መስኮቴ ላይ አንዴም አልቆምኩ። ማታ ላይ ሣጥኑ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳየው ነደደኝ። «ይኼ ጥጋበኛ! አመሰግናለሁ ማለት ያንሰዋል? እኔ ተሸክሜ ላምጣለት እንዴ?» አልኩ። ሐሙስም አልመጣም። «ይቅርበት!» አልኩ። አፌን በቆረጠው።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ኩርፊያዬ በረደ። ተርኪውን፣ የክራንቤሪ ማባያውን፣ ሁለት ቁራጭ ፓይ ሳህን ላይ ደርድሬ፣ ሣጥኑን በሌላው እጄ ይዤ ሄድኩ። በረንዳው ላይ ያለው በረዶ የሰው እግር አልነካውም። አንኳኳሁ። ሮስኮ አልጮኸም፤ ከውስጥ በሩን ሲቧጭር ብቻ ተሰማኝ። ሳህኑን መሬት አስቀምጬ ከአበባ ማሰሮው ሥር ቁልፉን አወጣሁ።

ኮሪደሩ ላይ ነበር፤ ከበሩ ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው። የሣጥኑን መምጣት ሰምቶ፣ ወይ ሮስኮ ነግሮት፣ ሲጣደፍ ምንጣፉ አደናቅፎታል። አንድ እግሩ ወዳልሆነ አቅጣጫ ዞሯል። ሮስኮ ከኮት መስቀያው ጎትቶ ያወረደው ካፖርት ግማሹ ኤልዉድ ላይ ግማሹ መሬት ላይ ነው። ውሻው ራሱ ተመልሶ የኤልዉድ ደረት ላይ ጋደም አለ። የውሃ ሳህኑ ደርቋል።

«ኤልዉድ» አልኩት። «ኤልዉድ፣ ተነስ እንጂ፣ ምግብ ይዤልህ መጥቻለሁ።» እጁን ያዝኩት። የቀዘቀዘ ነበር።

መነጽሩ ዓይኑ ላይ ነው። መነጽሩን የሚያደርገው ለማንበብ ብቻ ነው፤ ለሌላው ነገር ኪሱ ውስጥ ነው የሚውለው። ቀኝ እጁ ተጨብጧል። ከጣቶቹ መሃል የወረቀት ጫፍ ይታያል። ሳላወጣውም አውቄዋለሁ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈለቀቅኳቸው፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም። የእኔው ጽሑፍ ነበር፤ ተሳቦ ይድረስበት ሮስኮ ያቀብለው እንጃ። በአንዱ በኩል ሣጥኑ እኔ ጋ ነው ይላል፤ በሌላው በኩል ቅቤ፣ ዱቄት፣ ቀረፋ ይላል።

ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩትና አምቡላንስ ጠራሁ፤ እስኪደርስ ሣጥኑን ወደ ቤቴ መለስኩት።

ሐኪሙ ማክሰኞ ከሰዓት ነው የወደቀው አለ፤ ዳሌው ተሰብሯል። እስከ ረቡዕ ማታ፣ ምናልባት እስከ ሐሙስ ጠዋት በሕይወት ነበር አለ። ራሞና ይህን ስትሰማ በጣቷ ቆጠረች። ሣጥኑ ሲደርስ ስምንት ሰዓት፣ እሷ ስታይ አሥራ አንድ ሰዓት። «ማነው ታዲያ ያነሳው?» አለች። ከዚያ ራሷ መለሰችው። «ሌባው! አንድ ሌባ ለውሻ ብስኩት ብሎ አባቴን ገደለው!» ሊመረምር የመጣው ፖሊስም ራሱን ነቀነቀ። እኔ ምን አልኩ? ምንም። ሣጥኑ ቤቴ አልጋ ሥር ነበር።

ሮስኮን እኔ ወሰድኩት፤ ራሞና የምትኖርበት ቤት ውሻ አይፈቅድም። ያን ዕለት ማታ ሣጥኑን ከአልጋ ሥር አውጥቼ ከፈትኩለት። ሲነክሱት የሚጮህ የጨርቅ ተርኪ ነበረበት። «ሮስኮ፣ የኛ ጀግና፣ እንኳን ለምስጋና ቀን አደረሰህ» ይላል ደብዳቤው። የኤልዉድን ያህል አሳምሬ ማንበብ አልቻልኩም። ሮስኮ ሁሉንም በላ። የበሬ ጆሮውንም፣ ብስኩቱንም፣ ካርቶኑንም ጭምር ጀመረው። ውሻ ምን ያድርግ፣ ርቦታል።

ጥር ላይ ራሞና ደወለች።

«ሚስ ኦፓል፣ የሮስኮን ሣጥን ወደ እርስዎ ቤት አዙሬዋለሁ። ሮስኮ እስካለ ድረስ ይመጣልዎታል። ለአባዬ እንደ እህት ነበሩ፤ ከዚህ በላይ ምን ላድርግልዎት?»

በነጋታው ማርቫ አመጣችው። በረንዳዬ ላይ አስቀመጠችውና «ዕድለኛ ነሽ!» ብላኝ ሄደች። በየወሩ ሊመጣ ነው እንግዲህ። የሮስኮ ስም፣ የእኔ አድራሻ፣ የራሞና ምስጋና። እዚያው ቆሜ አየሁት፤ ማንሳት አቃተኝ። ሮስኮ መጥቶ አሸተተውና መንገዱን ተሻግሮ ወደ ኤልዉድ በር ሄደ። እዚያ ተቀመጠ። ስልኩን አነሳሁ።

«ራሞና፣ ልጄ፣ ሌባ የለም» አልኳት። «ሣጥኑን ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኳት። ማንኳኳቴን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ውሻውን ዝም በል ማለቴን። ምላሴን ማውጣቴን ሳይቀር። ኩርፊያዬን ነገርኳት። ሣጥኑን አልጋ ሥር መደበቄንም። አላቋረጠችኝም። «ወረቀት በቀዳዳው ጥዬ ነበር» አልኳት፤ «ሣጥኑ እኔ ጋ ነው የሚል።» ይኼኛውስ ባይወጣኝ ይሻል ነበር።

«ሚስ ኦፓል፣» አለች፣ ድምጿ እንደ ሕፃን ሆኖ፣ «አይቶት ነበር? ወረቀቱን አንብቦት ነበር?»

ልክ ነው የጠየቀችው። ካነበበው ያውቃል። በረንዳው ባዶ እንደሆነ፣ ልጁ ባዶውን በረንዳ አይታ ደህና ነው ብላ እንደምትተኛ፣ ማንም እንደማይመጣ፤ ይህን ሁሉ እያወቀ ነው ሁለት ቀን ሙሉ መሬት ላይ የተኛው። ጮኾ ይሆን? ቴሌቪዥኑ ይጮህ ነበር። እኔም ማዶ ሆኜ ስሙን እየጠራሁ እሰድበው ነበር።

«አላየውም» አልኳት። «በሩ ሥር እንደወደቀ ነው ያገኘሁት። አልነካውም።»

ያኔ ማልቀስ ጀመረች። «ተመስገን» አለች። «ተመስገን። ቢያንስ ራሞና ታየዋለች፣ ሰው ትልካለች እያለ ነው የሞተው። እየጠበቀኝ ነው የሞተው።»

«አዎ፣ ልጄ» አልኩ። «እየጠበቀሽ ነው።»

እኔን ይቅር አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ስልኩን ዘጋችው፤ ከዚያ ወዲህ ደውላ አታውቅም። ሣጥኑን ግን አላስቀረችም፤ በየወሩ ይመጣል። ወረቀቷ ማድ ቤት መሳቢያ ውስጥ ናት፤ ከማንኪያዎቹ ሥር። በመጽሐፍ ተጫንኳት፣ በካውያ ተኮስኳት፤ የኤልዉድ ጭብጥ ያጨማደዳት ግን አልለቅ አለ።