አስራ አንድ ሰዓት ላይ የሚነጋለት ሰው

ዶክተር ባን ራሱን ስቶ የተኛውን የቴሺክን የአውራ ጣት ጥፍር በእስክሪብቷቸው ጫን አደረጉት፤ ምንም የለም። ትንሿን መስታወት ከፊቱ ግራና ቀኝ አንቀሳቀሷት፤ ዓይኖቹ እንደተከደኑ ቀሩ። ከጠዋቱ አራት ተኩል ነበር።

"እንግዲህ ወይዘሮ ጌሱክ፣ ስንፈትናቸው ሦስተኛ ጊዜያችን ነው" አሉ መስታወቷን ኪሳቸው እየከተቱ። "ለማገገሚያ ክፍል የሚያበቃ ምላሽ የለም። ባለቤትዎ ነገ ወደ ማቆያው ይዛወራሉ።"

ማቆያ ምን እንደሆነ ጌሱክ ታውቃለች። አጎቷ እዚያ ገብቶ ስድስት ዓመት ጣራ ጣራ ሲያይ ኖሮ ሞቷል። እንዲያም ሆኖ ጎንበስ ብላ "አመሰግናለሁ ዶክተር" አለች። ለሐኪም መልስ መስጠት አልለመደችም።

ሐኪሙ ገና ከመውጣታቸው፣ ቤተሰቡ የቀጠራት አስታማሚ ሙንጃ የያዘችውን ሳህን ኳ አድርጋ አስቀመጠችው። ከቻይና ድንበር የመጣች፣ ምላሷን የማትቆጥብ ሴት ናት።

"ምነው ዱዳ ሆንሽ? ንገሪያቸው እንጂ!"

"ምን ልበላቸው እትዬ?"

"ባልሽ ጎመን ሲያጫርት ስንት ሰዓት ነበር የሚነሣው?"

ጌሱክ አሁን ገባት። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ቴሺክ ማታ ወደ ሴኡል ጅምላ ገበያ ወጥቶ ጠዋት ይገባል፤ ሩዙን በሾርባ በልቶ ይተኛና አስራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይነሣል። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉም እሷ "አንተ የሌሊት ወፍ፣ አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ፀሐይ ሙቅ" ስትለው ኖራለች። ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ ራሱን ከሳተ ወዲህ ደግሞ፣ የቆየ እልኋን የምትወጣ ይመስል፣ በየማለዳው መጋረጃውን ገልጣ ፊቱን በቀዝቃዛ ፎጣ እያሸች "ተነሣ፣ ነግቷል!" ትለዋለች። እንዲህ ስትነዘንዘው ውላ አስር ሰዓት ሲሆን ወደምትሠራበት ሾርባ ቤት ትሮጣለች።

"ይኸው" አለች ሙንጃ ደብተሯን ገልጣ። "የሰውነቱን ሙቀት በየሦስት ሰዓቱ ጽፌዋለሁ። ጠዋት ይቀዘቅዛል። ወደ አስራ አንድ ሲሆን ይሞቃል፣ ዓይኑም ይገለጣል። ትናንት በአጠገቡ ሳልፍ በዓይኑ ተከተለኝ። ቢበዛ አስር ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ይደክመውና ጭልጥ ይላል።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ነግሬሻለሁ! 'ዝም በይ፣ ቀን መንቃት እናለምደዋለን' ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?"

እውነትም ጌሱክ ብላለች። ሐፍረት ከእግር እስከ ራሷ ወረራት። ደብተሩን ነጥቃ በኮሪደሩ ስትሮጥ ዶክተር ባንን ሊፍቱ በር ላይ ደረሰችባቸው።

"ይቅርታ ዶክተር... የፈተኑት ተኝቶ ነው። ለእሱ አሁን እኩለ ሌሊት ነው።"

ሐኪሙ በትዕግሥት ፈገግ ብለው ደብተሩን ተቀበሏት። አንድ ገጽ ገለጡ፤ ሁለት ገለጡ፤ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። ፈገግታቸው ጠፋ።

"አስራ አንድ ሰዓት ላይ እመጣለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምሞክረው። እስከዚያ ማንም አይቀስቅሳቸው፤ እርስዎም ጭምር።"

ጌሱክ ሾርባ ቤቱ ደውላ ከሥራ ቀረች። የመስኮቱን መጋረጃ ዘጋች። እጇ በልማዱ ፎጣውን እየፈለገ ስላስቸገራት ጭኗ ሥር ከታ ተቀመጠችበት።

ለአስራ አንድ አምስት ጉዳይ ሲሆን የቴሺክ ቅንድብ ተንቀሳቀሰ፤ ዓይኖቹም ተገለጡ። ባዶ አልነበሩም። ጣራውን ትተው ቀስ እያሉ ወደ እሷ መዞር ጀመሩ። አራት ወር የናፈቀችው ዓይን ነው። ስሙን ልትጠራ አፏን ከፈተች።

"ዶክተሩ የታሉ?" አለች በዚያው በተከፈተ አፏ፣ በሹክሹክታ።

"ከሊፍቱ ወርደዋል፣ እየመጡ ነው" አለች ሙንጃ ከበሩ።

አስር ደቂቃ ብቻ ነው ያለው። አሁን እሷን ካያት፣ ካናገረችው፣ ካለቀሰችበት፣ ለሐኪሙ የሚተርፍ ጉልበት አይኖረውም። ጌሱክ አፏን በመዳፏ አፍና ተነሣች፤ ዓይኖቹም ሳይደርሱባት አልጋውን ከራስጌው በሚከልለው መጋረጃ ጀርባ ተደበቀች።