የወይዘሮ ጌይንስ ማዕረግ

ቨርሊን በአሜሪካ፣ በሜምፊስ ከተማ ያሉትን የጥቁሮች ጋዜጦች በግላቸው ከሚሠሩ ዘገባ ጸሐፊዎች ጋር ማገናኘት ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል፤ ስልኩ ሲጮህ ገና ሳታነሳው ይደክማታል። ዛሬ የደወሉት የአንዱ ጋዜጣ ሽማግሌ አዘጋጅ ሚስተር ፕሩት ናቸው።

«የላክሽልኝ ልጅ የሰማንያ አራት ዓመት አሮጊት፣ የቤተ ክርስቲያናችንን እናት፣ እንዲያው ‹ጌይንስ› ብላ ትጽፋለች? የነጮቹ ጋዜጦች የእሳቸውን እናት፣ ጥቁር ናቸው ብለው፣ እስኪሞቱ ድረስ ወይዘሮ አላሏቸውም! አሁን ደግሞ እኛ እንድገመው?»

«ይቅርታ ጋሼ፣ እነግራታለሁ።»

ወዲያው ዘገባውን ለጻፈችው ለዣኔል ደወለች። «ስሚ፣ ትልቅ ሰው እንዲህ በባዶ ስሙ ይጠራል?»

«እኔማ ወይዘሮ ብዬ ነው የላክሁልሽ። እይው እስቲ።»

ቨርሊን ልጅቷ የላከችውን ከፈተች። ወይዘሮ ይላል፣ ዘጠኝ ቦታ። ትናንት ጽሑፉን ለሚስተር ፕሩት ከመላኳ በፊት ስታርም፣ ስምን ያለ ማዕረግ የሚያጽፈውን የትልልቆቹን ጋዜጦች ደንብ በለመደ እጇ፣ ዘጠኙንም የሰረዘችው ራሷ ነበረች።